የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበትን ልጅ ለትክክለኛው ስፔሻሊስት ማድረስ፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ወላጆችና አሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

በኅብረተሰባችን ዘንድ ቁርጥማት የአረጋውያን ሕመም ተደርጎ ይታሰባል። በዚህም ምክንያት ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ሕፃን ወድቆ ነው፣ ብርድ መትቶት ነው ወይም ወለም ብሎት ነው እየተባለ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ሳይመረመር ይቆያል። ይሁን እንጂ የመገጣጠሚያ ብግነት (አርትራይተስ) ሕፃናትንም ይይዛል። በጊዜ ታውቆ ከታከመ ብዙዎቹ ልጆች እንደ እኩዮቻቸው ይሄዳሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይማራሉ። ሕክምናው ከዘገየ ግን መገጣጠሚያን ሊያጣምም፣ የእግርን እድገት ሊያዛባ፣ አልፎ አልፎም የዓይን ብርሃንን ሊያሳጣ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴና በአጎራባች የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች የሚኖሩ ወላጆች የበሽታውን ምልክቶች እንዲለዩ፣ ልጃቸውን የት እንደሚወስዱ እንዲያውቁ፣ ክትትሉንም ሳያቋርጡ እንዲቀጥሉ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው። የሐኪም ምርመራን አይተካም።

በሽታው ምንድን ነው?

የሕፃናት የመገጣጠሚያ ብግነት ከ16 ዓመት ዕድሜ በፊት የሚጀምር፣ በአንድ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ መገጣጠሚያዎች ላይ ቢያንስ ለ6 ሳምንታት የሚቆይ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ብግነት ነው። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያ በስሕተት ሲያጠቃ ይከሰታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ቢችልም የጉና ተራራ ብርድም ሆነ የእናት ጥንቃቄ ማነስ አያመጣውም።

ሐኪሞች በሽታውን በዓይነት ይከፍሉታል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከ1 እስከ 4 መገጣጠሚያዎችን ብቻ የሚይዘው ዓይነት በትንንሽ ልጆች፣ በተለይም በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ሁለተኛው 5 ወይም ከዚያ በላይ መገጣጠሚያዎችን የሚይዝ ሲሆን የእጅ ጣቶችን ጭምር ያጠቃል። ሌላው ዓይነት ለ2 ሳምንታትና ከዚያ በላይ ከሚመላለስ ከፍተኛ ትኩሳትና ከቆዳ ሽፍታ ጋር ይመጣል፤ የውስጥ አካላትንም ሊነካ ስለሚችል ፈጣን ሕክምና ይሻል። ከእነዚህ በተጨማሪ ጅማት ከአጥንት ጋር የሚያያዝበትን ቦታ የሚያጠቃ ዓይነት፣ እንዲሁም ቆዳን ከሚያሳክክ የቆዳ በሽታ ጋር የተያያዘ ሌላ ዓይነት አለ።

ልጅዎን ወደ ጤና ተቋም እንዲወስዱ የሚያስገድዱ ምልክቶች

ትንሽ ልጅ አሞኛል ላይል ይችላል። ስለዚህ ወላጅ የልጁን አካሄድና እንቅስቃሴ መመልከት ይኖርበታል። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

• ጠዋት ከመኝታ ሲነሳ የሚያነክስ ወይም ሰውነቱ የሚገተር፣ ረፈድ ሲል ግን የሚፍታታ ከሆነ፤
• መገጣጠሚያው ያለ ግልጽ ጉዳት አብጦ ከቆየ፣ ከሌላው ጋር ሲነጻጸርም የሚሞቅ ከሆነ፤
• መራመድ ጀምሮ የነበረ ሕፃን እንደገና መታቀፍ ወይም መዳህ ከፈለገ፤
• ቀድሞ ያደርገው የነበረውን ነገር፣ ለምሳሌ ቁጭ ብሎ መነሳትን፣ ቁልፍ መቆለፍን፣ እርሳስ መያዝን ከተወ፤
• አንዱ እግሩ ከሌላው የረዘመ ወይም የቀጠነ ከመሰለ፤
• ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከሽፍታ ጋር ከተመላለሰበት።

በዚያው ዕለት ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሁኔታዎች

የሚከተሉት ሲያጋጥሙ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ልጁን በአቅራቢያ ወደሚገኘው ሆስፒታል ማድረስ ግዴታ ነው። አንደኛ፣ ልጁ ከፍተኛ ትኩሳት ይዞት አንድ መገጣጠሚያው በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ማንቀሳቀስ ከከለከለው፤ ይህ በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ መግል ሊሆን ስለሚችል በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሻል። ሁለተኛ፣ ልጁ ከገረጣ፣ ሌሊት አጥንቱን እያመመው የሚያለቅስ ከሆነ፣ በቀላሉ የሚደማ ወይም ቆዳው የሚበልዝ ከሆነ፤ የደም ካንሰር አንዳንድ ጊዜ በመገጣጠሚያ ሕመም ይጀምራልና። ሦስተኛ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ።

በሽታውን የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች

ትክክለኛውን ሐኪም መፈለግ የሚጀምረው የልጁ ሕመም ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ከመለየት ነው። በሀገራችን በቅድሚያ ሊጣራ የሚገባው የልብ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ይህ ሕመም የቶንሲል ሕመም በያዘው ልጅ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ቆይቶ የሚመጣ ሲሆን በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይታያል። የመገጣጠሚያው ሕመም ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን እየተዘዋወረ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ በልብ በር ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። በመገጣጠሚያ ብግነት የተያዘ ልጅ እብጠት ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይቆያል። ሁለቱ የሚታከሙበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ለዓመታት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልገዋል።

የመገጣጠሚያና የአከርካሪ ቲቢም አብሮ መታሰብ አለበት። በቤት ውስጥ የሚያስል ወይም ለቲቢ የታከመ ሰው ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። ያልተፈላ ወተት የሚጠጡ ወይም ከከብት ጋር የሚውሉ ልጆች ከእንስሳት በሚተላለፍ ብሩሴሎሲስ በተባለ ሕመም ሊያዙ ይችላሉ። ጓያ በብዛት በሚበላባቸው አካባቢዎች ደግሞ ጓያ የሚያስከትለው የእግር መስነፍና መገተር አለ፤ ይህ ግን መገጣጠሚያን አያሳብጥም፣ ትኩሳትም የለውም። የአጥንት መለስለስ (ሪኬትስ) በበኩሉ እግርን ያጎብጣል እንጂ ጠዋት ጠዋት የሚገትር እብጠት አያመጣም።

ወላጆች ማወቅ ያለባቸው አንድ ቁም ነገር አለ። የሕፃናትን የመገጣጠሚያ ብግነት በአንድ የደም ምርመራ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። አርኤፍ የተባለው ምርመራ በአብዛኞቹ በሽታው ባለባቸው ልጆች ላይ ነጋቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ውጤቱ ነጋቲቭ ስለሆነ ብቻ ልጁ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ኤኤስኦ የተባለው ምርመራም ፖዘቲቭ ቢሆን ልጁ ቀደም ሲል በጉሮሮ ሕመም አምጪው ባክቴሪያ ተይዞ እንደነበር ያመለክታል እንጂ ብቻውን የሩማቲክ ትኩሳት መኖሩን አያረጋግጥም። ወሳኙ የልጁ የሕመም ታሪክና ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ የሚያደርገው ምርመራ ነው።

ትክክለኛው ስፔሻሊስት ማን ነው?

የመገጣጠሚያ ብግነትን በልዩ ሙያ የሚያክመው ሐኪም ሩማቶሎጂስት ይባላል። በሀገራችን በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በሕፃናት ላይ ብቻ የሚያተኩሩት ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። ይህ ማለት ግን ልጁ ሕክምና የለውም ማለት አይደለም። ሕክምናውን ለመጀመርና ለመምራት የሚችለው የመጀመሪያው ትክክለኛ ሐኪም የሕፃናት ስፔሻሊስት ነው። እርሱ እንደ አስፈላጊነቱ ከሚከተሉት ጋር አብሮ ይሠራል።

የዓይን ስፔሻሊስት፦ ከመገጣጠሚያ ብግነት ጋር የሚመጣው የዓይን ብግነት ብዙ ጊዜ አያቀላም፣ አያምም፣ አያስለቅስም። ልጁም ሆነ ወላጁ ሳያውቁት ዓይን እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ በሽታው እንደታወቀ ልጁ ስሊት ላምፕ በተባለው መሣሪያ መመርመር አለበት። በለጋ ዕድሜያቸው ጥቂት መገጣጠሚያዎቻቸው የተያዙ ልጆች ምርመራው በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ሊደገምላቸው ይገባል። ጉልበቱ ቢሻለውም የዓይን ምርመራው አይቋረጥም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦ መገጣጠሚያው ታጥፎ እንዳይቀር፣ ጡንቻውም እንዳይሰልል ወላጅ በቤት ውስጥ የሚያሠራውን እንቅስቃሴ ያስተምራል።

የአጥንት ስፔሻሊስት፦ የመግል ወይም የቲቢ ጥርጣሬ ሲኖር፣ እንዲሁም መገጣጠሚያው ከተጣመመ ያስፈልጋል። የመገጣጠሚያ ብግነት በራሱ ግን በቀዶ ሕክምና የሚድን በሽታ አይደለም።

የልብ ስፔሻሊስት፦ የሩማቲክ ትኩሳት ጥርጣሬ ካለ የልብ አልትራሳውንድ ያደርጋል።

ከቀበሌ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል

የጤና ሥርዓታችን በሦስት እርከን የተደራጀ ነው። የመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ይይዛል። ሁለተኛው አጠቃላይ ሆስፒታል ሲሆን ሦስተኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

የቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ልጁን አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ለላይ ጋይንት ነዋሪዎች ነፋስ መውጫ፣ ለስማዳ ወገዳ፣ ለእስቴ መካነ ኢየሱስ ወደሚገኙት ሆስፒታሎች ሪፈር ይጽፋል። በእነዚህ ሆስፒታሎች መሠረታዊ የደም ምርመራና ራጅ ማድረግ፣ አጣዳፊ ሕመሞችንም ማከም ይቻላል።

እብጠቱ 6 ሳምንት ካለፈው፣ ወይም ከአንድ በላይ መገጣጠሚያ ከተያዘ ወደ ሕፃናት ስፔሻሊስት እንዲላኩ ይጠይቁ። ለሦስቱም አካባቢዎች ቅርቡ በዞኑ ርዕሰ ከተማ የሚገኘው የደብረ ታቦር ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በባሕር ዳር የሚገኙት የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ያለው ሲሆን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል። ሕመሙ በተለመዱት መድኃኒቶች ካልተቆጣጠረ ልጁ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሊላክ ይችላል።

ብዙ ወላጆች ከብት ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛሉ። ያለ ሪፈር ወረቀት የደረሰ ቤተሰብ ግን ወረፋውን እንደገና ይጀምራል፣ የጤና መድን ሽፋኑን ያጣል፣ ገንዘቡም ከምርመራው በፊት ያልቃል። በርካታ ልጆች ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ላይ በሕፃናት ስፔሻሊስት ታይተው ሕክምናቸውን ሊጀምሩ ይችላሉ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ በዚሁ በደቡብ ጎንደር የምትገኘው ፎገራ ነበረች። በአገልግሎቱ ለመጠቀም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ በየዓመቱ የታደሰ የአባልነት መታወቂያ፣ የልጁ ስም በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ፣ ደረጃውን ጠብቆ የተጻፈ ሪፈር። መዋጮውን ለመክፈል አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች በቀበሌያቸው በኩል ተለይተው መንግሥት የሚከፍልላቸው አሠራር አለ።

ከመነሳትዎ በፊት የተላኩበት ሆስፒታል ከወረዳዎ ጋር ውል ያለው መሆኑን ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። መድኑ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪን አይሸፍንም። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ካልተገኘና ከውጭ ከገዙ ደረሰኙንና ማዘዣውን ይያዙ፤ ወጪው የሚመለስበት አሠራር ካለም ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ።

ወደ ስፔሻሊስቱ ሲሄዱ ምን ይያዙ?

የሪፈር ወረቀቱን፣ የጤና መድን መታወቂያውን፣ የክትባት ካርዱን፣ ቀደም ሲል የተደረጉ የደም ምርመራ ውጤቶችንና የራጅ ፊልሞችን በአንድ ላይ ይያዙ። ልጁ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያቸውን ሳይጥሉ ይዘው ይሂዱ። ጠዋት የሚታየው መገተር ሐኪሙ ዘንድ በቀትር ሲደርሱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ስልክ ያለው ሰው ልጁ ከመኝታው ሲነሳ የሚራመድበትን ሁኔታና ያበጠውን መገጣጠሚያ፣ ሽፍታ ካለም ሽፍታውን ቀርጾ ይያዝ። ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ በበዓላት ማስታወስ ይቻላል፤ “ከጥምቀት በኋላ”፣ “ፍልሰታ ሲገባ” ማለት ለሐኪሙ በቂ ፍንጭ ነው።

ሐኪሙን እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ የልጄ ሕመም ምን ይባላል? ቲቢና የሩማቲክ ትኩሳት ተጣርተዋል? የዓይን ምርመራ መቼና የት ይደረጋል? መድኃኒቱ ምን ጉዳት ሲያሳይ ልመለስ? ቀጣዩን የደም ምርመራ በወረዳዬ ሆስፒታል ማሠራት እችላለሁ? ከመውጣትዎ በፊት የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ መጠንና የክትትሉ ዕቅድ የተጻፈበት የሪፈራል ግብረ መልስ ይቀበሉ። ይህ ወረቀት በእጅዎ ካለ በየወሩ ባሕር ዳር መመላለስ ሳያስፈልግ የክትትሉ አንድ ክፍል በቅርብ ሊከናወን ይችላል።

ሕክምናውና ጥንቃቄው

ሕክምናው ብዙ ጊዜ እንደ አይቡፕሮፌን ባሉ ብግነት ቀናሾች ይጀመራል። እነዚህ መድኃኒቶች ከምግብ በኋላ ይወሰዳሉ፤ ጾም የጀመሩ ልጆች ካሉ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ተገቢ ነው። ጥቂት መገጣጠሚያ ብቻ ከተያዘ በመገጣጠሚያው ውስጥ መርፌ ሊሰጥ ይችላል። ብግነቱ ከቀጠለ ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ይታዘዛል።

ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መስጠት ለሕይወት አደገኛ ነው። ቀኑን ላለመርሳት በአካባቢው የገበያ ቀን መስጠት ይቻላል፤ የአርብ ገበያ ነዋሪ አርብን ቢመርጥ ከተማዋ ራሷ ታስታውሰዋለች። መድኃኒቱ ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከ2 እስከ 3 ወራት ይወስዳልና አልሠራም ብለው አይተዉት። የደምና የጉበት ምርመራ በቀጠሮ ይደረጋል። ልጁ ክትባት ሲደርሰው መድኃኒቱን እየወሰደ መሆኑን ለባለሙያው ይንገሩ። መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጃገረዶች ከሐኪማቸው ጋር በግልጽ ሊነጋገሩ ይገባል።

ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያለ ማዘዣ ገዝቶ መስጠት አይገባም። እብጠቱን ለጊዜው ያጠፉታል፤ ሆኖም የደም ካንሰርን ወይም ቲቢን ሸፍነው ምርመራውን ያሳስታሉ፣ እድገትንም ይገታሉ። በሐኪም ታዘው ለሳምንታት የተወሰዱ ከሆነም በድንገት አይቋረጡም። መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮ ሊያልፍ እንደሚችል ከገመቱ አስቀድመው ለሐኪሙ በመንገር በቂ መድኃኒት እንዲታዘዝ ይጠይቁ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል የቅርቡን ሆስፒታል ግብረ መልሱን ይዘው ያማክሩ።

ወጌሻና ጠበል

ያበጠ መገጣጠሚያን ማሸት፣ መጎተት ወይም በሽመል አጥብቆ ማሰር ብግነቱን ያባብሳል። አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን ዘግቶ እግርን ወይም እጅን እስከማስቆረጥ ያደርሳል። በእምነታቸው መሠረት ወደ ጠበል የሚሄዱ ቤተሰቦች የታዘዘውን መድኃኒት ይዘው ይሂዱ፤ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው መቀጠል ይችላሉ።

በቤትና በትምህርት ቤት

ይህ ሕመም ያለበት ልጅ መተኛት የለበትም። መንቀሳቀስ፣ መጫወትና መማር የሕክምናው አካል ናቸው። ጠዋት በሞቀ ውሃ መታጠብ ወይም መገጣጠሚያውን በሞቀ ጨርቅ መሸፈን መገተሩን ያፍታታል። ቁርስ ከተበላና መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ቢሄድ ይሻለዋል። ለመምህሩ ሕመሙን ያስረዱ፤ ልጁ ቢያረፍድ፣ ቀስ ብሎ ቢጽፍ ወይም ተነስቶ ቢንጠራራ ስንፍና እንዳልሆነ ይወቅ። ውሃ መቅዳትና ከብት ማገድን የመሰሉ ሥራዎች ሕመሙ በሚበረታባቸው ቀናት ለሌላ የቤተሰብ አባል ይሰጡ።

ማጠቃለያ

ያነከሰ ልጅ ሁሉ የመገጣጠሚያ ብግነት አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ያለ ጉዳት ያበጠና ጠዋት ጠዋት የሚገተር መገጣጠሚያ በራሱ እስኪድን ሊጠበቅ አይገባም። መንገዱ የሚጀምረው ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ሲሆን መድረሻው የሕፃናት ስፔሻሊስትና የዓይን ሐኪም ናቸው። ወላጆች የሪፈር ወረቀታቸውን ይያዙ፣ 6ኛውን ሳምንት አያሳልፉ፣ የልጃቸውን ዓይን ያስመርምሩ። ለተጨማሪ መረጃ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይቻላል።